የሰበታ ፈቃድና የአዲስ አበባ መታወቂያ በባንክ መስኮት

ሰበታ ላይ ዳቦ ቤት፣ ቡራዩ ላይ ብሎኬት ማምረቻ ወይም ሱሉልታ ላይ ወተት ማከፋፈያ ለመክፈት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ነዋሪነቱ አዲስ አበባ ነው። መታወቂያው ከአዲስ አበባ ወረዳ፣ የንግድ ፈቃዱ ከኦሮሚያ ክልል ይሆናል። ሁለቱንም ይዞ ባንክ ሲቀርብ ጉዳዩ የአንድ ሰዓት ሥራ ይመስለዋል። የባንኩ ሠራተኛ ግን የሚያየው ወረቀቶቹ መሟላታቸውን ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ መስማማታቸውንም ጭምር ነው።

ይህ ለማጉላላት ተብሎ የመጣ አይደለም (ማጉላላትም አይጠፋም እንጂ)። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው ሕግ ባንኮች ደንበኛቸውን በሚገባ እንዲለዩ፣ ደንበኛው ድርጅት ከሆነም ከጀርባው ያለውን እውነተኛ ባለቤት እንዲያጣሩ ያስገድዳል።

በእነዚህ ከተሞች ብዙ ጣጣ የሚያመጣው የስም አጻጻፍ ነው። የኦሮሚያ ፈቃድ በአፋን ኦሮሞ ሲዘጋጅ ስሙ በቁቤ ይሰፍራል። በቁቤ «ጨ» በአንድ የላቲን ፊደል ሲጻፍ በእንግሊዝኛው ልማድ በሁለት ይጻፋል፤ የሚረዝም አናባቢም በቁቤ ይደገማል። በመሆኑም ጫላ የተባለ ነጋዴ በፈቃዱና በፓስፖርቱ ላይ ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። አድራሻም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማን ስለመሠረቱ፣ የቆየ ውል «ሰበታ ከተማ» ሲል አዲሱ ሰነድ «ሸገር ከተማ፣ ሰበታ ክፍለ ከተማ» ይላል።

በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ መታወቂያ ግዴታ ሆኗል፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም በየደረጃው እንዲስፋፋ ተደርጓል። ስለሆነም መጀመሪያ በፋይዳ ላይ ያለውን ስም ማስተካከል፣ ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ፈቃዱን ከዚያ ጋር ማስማማት ድካም ይቀንሳል።

ከወረቀቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሂሳቡ በማን ስም ይከፈት የሚለው ነው። የግለሰብ ነጋዴ ሂሳብ የንግድ ስም ቢለጠፍበትም በሕግ ዓይን ያው የሰውዬው ገንዘብ ነው። ዳቦ ቤቱ ቢከስር አበዳሪ የግል ንብረቱን ሊጠይቅ ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰው ነው። ቀድሞ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ስሙን ብቻ የሚያውሰው ዘመድ ሲፈለግ ይታይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ገና ያልተመዘገበ ማኅበር እንዴት ሂሳብ ይኖረዋል? መልሱ ዝግ ሂሳብ ነው። መሥራቾቹ በጥሬ ገንዘብ የሚያዋጡትን ካፒታል በማኅበሩ ስም ያስገባሉ፤ ባንኩ ገንዘቡ መግባቱን በደብዳቤ ያረጋግጣል፤ ምዝገባው ሲያልቅ ሂሳቡ ይለቀቃል። እስከዚያ ድረስ ከዚያ ገንዘብ ላይ ለዱቄትም ሆነ ለቤት ኪራይ ማውጣት ስለማይቻል ለመነሻ ወጪ የሚሆን ሌላ ብር መያዝ ግድ ነው።

ሸሪኮች ሲሆኑ ደግሞ የፊርማው ነገር አለ። ሁሉም ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም የሚለው ስምምነት በመጀመሪያው ቀን መተማመኛ ይመስላል። አንደኛው ውጭ አገር በሄደበት ወር ደመወዝ መክፈል ሲያቅት ግን ፈራሚ ለመቀየር ቃለ ጉባኤ ይጠየቃል፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ የዚያኑ የሄደውን ሸሪክ ፊርማ ሊፈልግ ይችላል። ከሦስት ሸሪኮች ሁለቱ ሲፈርሙ ይበቃል ብሎ ሂሳቡ ሲከፈት ማስመዝገቡ ይሻላል።