ስለ እንጦጦ እንጨትና ስለ ዋጋው

የአንድ መንግሥት ጥሬ ሀብት በተቈጠረ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣውን ማዕድን ነው፤ ይኸውም የአዶላን ወርቅ፥ የዩብዶን ፕላቲን፥ የአፋርን ጨው ነው። ለነዚህ ሚዛንም መዝገብም አላቸው። ነገር ግን ከማዕድን ሳይቈጠር ዋናውን ከተማ በስፍራው ያጸና ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እስከ የካ በተዘረጋው ተራራ ላይ የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ሰፍረው ሳሉ የተራራው ጥድና ወይራ ለቤተ መንግሥት፥ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለሠራዊቱ ማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍልውሃ ሜዳ ቢወርድም ችግሩ አብሮ ወረደ። እንጨት የሚመጣበት መንገድ በየዓመቱ እየራቀ ስለ ሄደ፥ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ልማድ ከተማውን ማንሣት ታሰበ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማም በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ይሠራ ጀመር።

ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ተወላጅ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያመለክታል። በ1887 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተተከለ። ጥድ ለምሰሶ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ያህል ይፈጃል፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፥ ቢቈረጥም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ከጕድጓድ የወጣ ወርቅ በስፍራው ዳግመኛ አይተካም፤ መምህር ይህን ልዩነት ለማስረዳት በመንደሩ ያለውን አንድ ጉቶ ቢያሳይ ይበቃዋል። እንጨቱ በተገኘ ጊዜ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፥ መናገሻውም በአዲስ አበባ ቀረ።

ጥቅሙ ግን ለሁሉ እኩል አልደረሰም። አጣናው ለባለ መሬቱ ገንዘብ ሲያስገኝ፥ ቅጠሉንና ጭራሮውን ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ያወርዱ የነበሩ ድኾች ሴቶች ናቸው። የከተማው እንጀራ ብዙ ዘመን የተጋገረው በነርሱ ድካም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሆኖም የሸክማቸው ዋጋ እንደ ወርቁ በመዝገብ አልሰፈረም።

ዛፉም ራሱ ያስከፍላል፤ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፥ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል ዝናም አፈሩን ያጥበዋል። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ በተራራውም ላይ አገር በቀል ዛፎች ዳግመኛ ተተክለዋል። ጥዶቹ ለምሰሶ የሚደርሱት ዛሬ ፊደል የሚቈጥሩት ሕፃናት ባረጁ ጊዜ ነው።