ካምፐር ለመጎተት ሲባል መኪና መቀየር ያስፈልጋል?

የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ አሜሪካ ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ተደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አለ። «ሚኒቫን አለን። ልጆቹን ይዘን ወጣ ማለት ስለምንፈልግ ትንሽ ካምፐር ልንገዛ አስበናል። ሰው ግን ትልቅ መኪና ካልገዛችሁ አይሆንም ይለናል» የሚል ነው። ሐሳቡ የሚያስደስት ነው። ሐላል ምግብ በማይገኝበት መንገድ የራስን ማብሰያ ይዞ መሄድ፣ ለዉዱእ ውሃ አለመቸገር፣ በየሌሊቱ ሁለት የሆቴል ክፍል አለመክፈል ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ «ትልቅ መኪና ግዙ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ከሻጩ አፍ መምጣቱ ነው።

ሒሳቡን ከነዳጁ እንጀምር። አንድ ቤተሰብ በዓመት 12,000 ማይል ይነዳል እንበል። ከዚህ ውስጥ ካምፐር እየጎተተ የሚሄደው 1,500 ማይል ነው። ይህም ቢሆን ሁለት ጥሩ ጉዞ ማለት ነው። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ያለው ቶዮታ ሲዬና በሙሉ ሃይብሪድ ሲሆን በፊት ጎማ የሚነዳው በመንግሥት መለኪያ በአንድ ጋሎን በአማካይ 36 ማይል ይሄዳል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ትልልቅ ኤስዩቪዎች 17 ማይል አካባቢ ናቸው። ተሳቢ ሲጎትቱ ሁለቱም ክፉኛ ይወርዳሉ። ሲዬናው ወደ 18፣ ትልቁ ወደ 12 ይወርዳል ብለን እንያዝ፤ ትክክለኛው ቁጥር በካምፐሩ ቁመትና በፍጥነቱ ይወሰናል።

በዚህ ስሌት ሲዬናው በዓመት 375 ጋሎን ገደማ ይጨርሳል፣ ትልቁ መኪና ደግሞ 743። ልዩነቱ 368 ጋሎን ነው፤ በጋሎን 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢታሰብ ወደ 1,290 ዶላር ይሆናል። አሁን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንይ። በጉተታው 1,500 ማይል ላይ ሁለቱ የሚለያዩት በ42 ጋሎን ብቻ ነው። የቀረው 326 ጋሎን ካምፐሩ ጓሮ ቆሞ ሳለ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ለሥራና ለገበያ የሚቃጠል ነው። ለሁለት ሳምንት ጉዞ ተብሎ የተገዛ መኪና ሃምሳውን ሳምንት ያስከፍላል ማለት ነው።

ሃይብሪዱ ሲጎትት ብልጫው ለምን እንደሚቀንስ የሚጠይቁን አሉ። ሃይብሪድ የሚቆጥበው ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ መልሶ፣ በከተማ ውስጥም ሞተሩን እያጠፋ ነው። በሀይዌይ ላይ ካምፐር ሲጎትት ግን የሚመለስ ጉልበት እምብዛም የለም፤ ሞተሩ ሳያርፍ ነፋስ ሲገፋ ይውላል። እዚህ ላይ ከክብደቱ ይልቅ የካምፐሩ ፊት ስፋት ይጎዳል። ክብደት የሚከብደው ሲነሱና ዳገት ሲወጡ ነው፤ በሜዳ መንገድ ላይ ነዳጁን የሚበላው አየሩ ነው። የአየር ግፊት ደግሞ ከፍጥነት ጋር በእኩል አይጨምርም። ከ60 ማይል ወደ 70 ሲያሳድጉ ፍጥነቱ በስድስተኛ ብቻ ሲጨምር የነፋሱ ተቃውሞ ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ከመኪናው ጣሪያ ብዙም የማትበልጥ ዝቅ ያለች ካምፐር፣ ወይም በጉዞ ላይ ታጥፋ መድረሻ ላይ የምትነሳው ዓይነት፣ ክብደቷ እኩል ከሆነ ግን እንደ ሳጥን ከቆመች ካምፐር ብዙ ነዳጅ ታተርፋለች። ካሊፎርኒያ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከ55 ማይል በላይ እንዳይሄድ በሕግ ይከለክላል። ሌላ ስቴት ያላችሁም ራሳችሁን በ60 ብትገድቡ ከኪሳችሁ ታዩታላችሁ።

እስካሁን ያልነው ሚኒቫኑን ይደግፋል። ነገር ግን ከነዳጁ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ትልልቅ ቤተሰብ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉት።

ማስታወቂያው ሲዬና 3,500 ፓውንድ ይጎትታል ይላል፤ እውነት ነው። ሆኖም ቶዮታን ጨምሮ ብዙ አምራቾች የሚከተሉት የመለኪያ ደንብ መኪናው ውስጥ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ ሆነው እንደተቀመጡ ይቆጥራል። ከእኛ ቤት ሁለት ሰው ብቻ ይዞ የሚወጣ ሚኒቫን ስንት ነው? የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ የተሳፋሪዎችና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል። እናንተን የሚመለከተው ቁጥር እሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ 1,300 ፓውንድ ነው እንበል። አባት 180፣ እናት 150፣ አራት ልጆች 350፣ ሻንጣና ምግብ 200፤ ድምሩ 880 ነው። የካምፐሩ አፍንጫ ደግሞ በመኪናው ጀርባ ላይ ይጫናል፤ ይህ ጫና ከካምፐሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ካምፐሩ ከነዕቃው 2,500 ፓውንድ ቢመዝን ወደ 300 ፓውንድ ማለት ነው። 1,180 ደረስን። መጎተቻ ብረቱን እንኳ አልደመርንም። አያትም አብረው ልምጣ ካሉ ገደቡ አለፈ፤ የጎተቱት ግን ከ3,500 ፓውንድ በታች ስለሆነ ማንም ሰው ስህተቱን አያየውም።

አንዳንዱ ይህን ጫና ለማቅለል ዕቃውን ወደ ካምፐሩ ኋላ ያስተላልፋል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ አፍንጫው ሲቀል ካምፐሩ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ሲወዛወዝ የመኪናውን ፍሬን በድንጋጤ መርገጥ ያባብሰዋል። ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ካምፐሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ በእጅ መያዝ ነው። ካምፐሩ 3,000 ፓውንድ ሲደርስ ብዙ ስቴቶች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። እኛ ግን ልጆች እስካሉ ድረስ ከዚያ በታችም ቢሆን ፍሬን የሌለውን አንመክርም።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ካምፐሩን ለመኪናው መምረጥ እንጂ መኪናውን ለካምፐሩ መቀየር አይገባም የሚል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ለሆነ ቤተሰብ ራቭ4 ሃይብሪድ እንኳ ይበቃል፤ ከ2019 እስከ 2025 ያለው 1,750 ፓውንድ ስለሚጎትት ከትንንሾቹ ቀላል ካምፐሮች አንዷን ይችላል። አራትና አምስት ለሆኑ ሲዬና ወይም ሃይላንደር ሃይብሪድ፣ ሁለቱም 3,500 ፓውንድ ነው፤ ካምፐሩ ግን ተጭኖ ከ2,500 ባይበልጥ ይመረጣል። ሰባትና ስምንት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ ሚኒቫኑ መጎተት የለበትም፤ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት መጎተት የሚፈቀድበት ትልቅ መኪና መከራየት ከዓመታዊው የነዳጅ ልዩነት ጋር ይነጻጸር። ሲከራዩ ውሉን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አከራዮች መጎተትን ይከለክላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ አንዴ ሞልታችሁ የምትሄዱት ርቀት በጉተታ ወደ ግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አስቡ፤ ብዙ ቦታም ለመሙላት ካምፐሩን መፍታት ያስፈልጋል።

የካምፐሩን እውነተኛ ክብደት ሻጩን አትጠይቁ። በወረቀት ላይ ያለው ባዶ ክብደቱ ነው። የጭነት መኪኖች የሚያርፉባቸው ነዳጅ ማደያዎች ብዙውን ጊዜ ሚዛን አላቸው፤ በጥቂት ዶላር ይመዘናል። በማኅበረሰባችን የከባድ መኪና ሹፌር የማያውቅ ሰው የለምና አንዱን ይዛችሁ ብትሄዱ ሁሉን ያሳያችኋል። ውሃ በጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን 20 ጋሎን ታንከር ሞልቶ መነሳት አንድ ጎልማሳ ሰው እንደመጨመር ነው፤ ለመንገዱ ዉዱእ ሁለት ጀሪካን ይበቃል፣ ታንከሩን መድረሻ ላይ ሙሉ።

ከወለድ ብድር ለመራቅ ብላችሁ ያገለገለ ካምፐር በጥሬ ገንዘብ የምትገዙ ደግሞ ጎማውን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ካምፐር ብዙ ስለሚቆም ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። በጎኑ ላይ የታተመው የመጨረሻው አራት አኃዝ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል። 2317 ከሆነ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ የአራቱን... የሁለቱንም ወገን ጎማ ዋጋ ከካምፐሩ ዋጋ ላይ አስቀንሱ።