ቤንዚን ያልበቃት መኪና

የድሮ የአሜሪካ መኪና ወዳጆች ጄትፋየር የምትባለውን ኦልድስሞቢል ሲያገኙ ቀለሟንም መቀመጫዋንም ከማየታቸው በፊት ኮፈኗን ያስከፍታሉ። የሚፈልጉት ቱርቦውንና ከእሱ ጋር የሚሠራውን የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ነው። ሁለቱ ካሉ የዋጋ ድርድሩ ሌላ ይሆናል። ከሌሉ ቆንጆ አሮጌ መኪና ነች፣ በቃ። የሚገርመው ቱርቦውን ካነሱት እጆች መካከል የራሱ የአምራቹ ወኪሎች እጅ መኖሩ ነው።

ጄትፋየር ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካኖች «ትንሽ» ከሚሏቸው መኪኖች ትመደባለች። ርዝመቷ ግን 4.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሮላ ጎን ብትቆም ትንሿ ኮሮላዋ ትሆን ነበር። በሳምንታት ልዩነት የጄኔራል ሞተርስ ሌላው ክንፍ ሼቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደርን አወጣ። ለተራው ገዢ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሞተር የሚጎለብተው ቤንዚን አቃጥሎ ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ያለ አየር አይነድም። ብዙ አየር ያስገባ ብዙ ያቃጥላል። ቱርቦ በጭስ ማውጫው ሊባክን የነበረውን ትኩስ ጋዝ ይዞ አንዲት መዘውር ያሽከረክርበታል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለችው መዘውር አየሩን እየጠቀጠቀች ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋዋለች። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 በባለቤትነት መብት አስመዝግቦታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሳሳው የሰማይ አየር ላይ ጉልበታቸውን ያላጡት በቱርቦ ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ቢያቃስት አይፈረድበትም።

ችግሩ አየር ሲታመቅ መሞቁ ነው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። በጤነኛ ሞተር ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ነበልባሉ ከአንድ ቦታ ተነስቶ የአየሩንና የቤንዚኑን ድብልቅ ያዳርሳል። ሙቀቱና ግፊቱ ከልክ ካለፉ ግን ከወዲያ ጥግ ያለው ድብልቅ ነበልባሉን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ያኔ ሞተሩ ያንኳኳል። ለጥቂት ጊዜ ከሆነ ድምፁ ጆሮ ከመረበሽ አያልፍም፤ ከዘለቀ ግን ፒስተን ይበሳል።

የሼቭሮሌ መሐንዲሶች ቀላሉን መንገድ ያዙ፤ የሞተሩን እምቅታ፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን የሚያምቅበትን መጠን፣ ወደ 8 ለ 1 ዝቅ አደረጉት። የዚህ ዕዳ የሚታየው ቱርቦው ገና ሳይነሳ፣ በዝግታ ሲነዳ ነው፤ ሞተሩ ይለግማል። ኦልድስሞቢሎች ይህን አልወደዱትም። እምቅታውን 10.25 ለ 1 ላይ ተዉት፤ በዚያ ላይ ቱርቦው ከተለመደው የአየር ግፊት በላይ አንድ ሦስተኛ እንዲጨምር ፈቀዱ። ሞተሩ እንዳያንኳኳ ደግሞ ነዳጅ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ወደ ሞተሩ የሚረጭ ፈሳሽ አዘጋጁ፤ እኩል የተጣራ ውሃና ሜታኖል፣ ከጥቂት የዝገት መከላከያ ጋር። ስሙንም ቱርቦ ሮኬት ፍሉይድ አሉት፣ የማስታወቂያ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ኬሚስትሪው ግን ቀልድ አልነበረም። ውሃ ለመትነን የሚወስደው ሙቀት እኩል ክብደት ያለው ቤንዚን ከሚወስደው በስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ሜታኖል ደግሞ ራሱ እየነደደ ያቀዘቅዛል፣ ውሃውንም በክረምት ከመርጋት ይጠብቃል። ባለ 3.5 ሊትሩ የአሉሚኒየም ቪ8 ሞተር በ1962 ያለ ቱርቦ እስከ 185 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ በጄትፋየር 215 ደረሰ።

ፈሳሹ ግን ያልቃል። መሐንዲሶቹ ይህንን አስበውበት ነበር፤ ማስጠንቀቂያ መብራት አለ፣ ማጠራቀሚያው ሲደርቅም አንድ ክዳን ራሱ እየዘጋ የቱርቦውን ግፊት ይገታል። ስለዚህ ሞተሩ ይተርፋል፣ መኪናዋ ግን ትደክማለች። መሙላቱን የረሳ ባለቤት ታዲያ የሚያየው ለጉልበቷ ብሎ የገዛት መኪና መልገሟን ነው። ወደ ጋራዥ ይወስዳታል፤ ሜካኒኩም ከዚያ በፊት ቱርቦ አይቶ አያውቅም። በ1965 ኦልድስሞቢል ቱርቦውን በነፃ ነቅሎ ተራ ካርቡሬተር እንደሚገጥም አስታወቀ፤ ብዙዎችም ተቀበሉ። በሁለት ዓመት የተሠሩት በጠቅላላው 9,607 ነበሩ፤ ከእነሱ እንደተወለደች የቀረችው ጥቂት ናት።

እኔ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ አልጥልም። ቤንዚን እንደ ውሃ በረከሰበት አገር ጉልበት የፈለገ ሰው ትልቅ ሞተር መግዛት ይቀለው ነበር፤ በ1964 የመጣችው ፖንቲያክ ጂቲኦ በ6.4 ሊትር ሞተሯ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ቀላል የአሉሚኒየም ቪ8 ሞተር ንድፍም ለእንግሊዙ ሮቨር ተሸጦ፣ ያለ ቱርቦ፣ በ1970 የመጀመሪያዋን ሬንጅ ሮቨር አንቀሳቀሰ።

ዛሬ ጄትፋየር የሚያድሱ ሰዎች ሜታኖሉንና ውሃውን ራሳቸው ይቀምማሉ፤ እሱ ቀላሉ ነው። የሚያስለፋቸው ግፊት የሚቆጣጠሩት ክፍሎች ውስጥ ያለው፣ ከ60 ዓመት በኋላ የደረቀው ላስቲክ ነው። ውሃ የመርጨቱን ሐሳብ ግን ቢኤምደብሊው በ2015 ይፋ ባደረጋት ኤም4 ጂቲኤስ መልሶ አምጥቶታል። ማጠራቀሚያው ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ የሚሞላው ያው ባለቤቱ ነው።