ልጅ በጡት፥ አመል ከወደኋላ

በቆቦና በአላማጣ መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ፥ ማሽላው እሸት በሚይዝበት በጥቅምት ወር በዋጃ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፥ በየእርሻው መካከል በእንጨት የተሠራ ማማ፥ በማማውም ላይ ወንጭፉን ይዞ የቆመ ብላቴና ያያል። ብላቴናው የአባቱን አዝመራ ከግሪሳ ወፍ ይጠብቃል። ማሽላው ከታች ሲበስል፥ ልጁም ከላይ ትዕግሥትን፥ ንቃትን፥ ብቻውን መዋልንና ለቤተሰቡ እንጀራ ኃላፊ መሆንን እየተማረ ይበስላል። ታዲያ ይህ ልጅ ነገ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ጠባዩስ የሚጸናው መቼና በማን እጅ ነው?

ባላገሩ ለዚህ ጥያቄ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ምሳሌዎች አሉት። አንደኛው «ልጅ በጡት፥ እህል በጥቅምት» ሲል ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ወራት እንደሚወሰን ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ «አመልና ጅራት ከወደኋላ ይበቅላል» ሲል ጠባይ ቆይቶ የሚመጣ ነገር መሆኑን ያስረዳል። የሥነ ልቡና ጠቢባን ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበትን ነገር መርምሮ ለሚያይ ሰው፥ ክርክራቸው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል የሚመላለስ ሆኖ ያገኘዋል።

ከእነዚህ ጠቢባን አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ መሆኑን አስተምረዋል፤ አራቱ የሥጋ ባሕርያት እሳት፥ ነፋስ፥ ውኃና መሬት ሲሆኑ፥ ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ለባዊነት፥ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። የጥንት የግሪክ ሐኪሞችም በበኩላቸው የሰውን ጠባይ በሰውነት ውስጥ ባሉ በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይተረጉሙት ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት ሰው ከምን እንደተሠራ ይናገራል፤ የዘመናችን ሥነ ልቡና ግን የሚጠይቀው ይህ ፍጥረት ከአንቀልባ እስከ ምርኩዝ ባለው ዕድሜው እንዴት እንደሚለወጥ ነው።

ከእነዚህ ጠያቂዎች ስሙ ከሁሉ ይልቅ የገነነው ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939 እ.ኤ.አ.) በቪየና ከተማ ሕሙማንን ሲያክም፥ ሰው ከራሱ ልቡና የሚያውቀው ጥቂቱን ብቻ እንደሆነና የቀረው ከኅሊናው ተሰውሮ እንደሚኖር አስተማረ። በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ልቡናን በሦስት ከፈለው፤ ኢድ ያለው ወሰን የማያውቀውን የፍትወት ኃይል፥ ሱፐር ኢጎ ያለው ከወላጅ የተወረሰውን ከልካይና ወቃሽ፥ ኢጎ ያለው ደግሞ በሁለቱና በውጭው ዓለም መካከል የሚያስታርቀውን ነው። ይህን ለመረዳት የራያ ገበሬ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ድንገተኛ ጎርፍ ሳይጠለፍ ሲቀር አዝመራ ይጠርጋል፥ በጊዜው ጠልፈው ወደ እርሻ ሲመሩት ግን ዝናም ያነሰበትን ማሽላ ያጠግባል። ፍሮይድም በ1933 እ.ኤ.አ. ይህን የልቡና ሥራ ሲያስረዳ፥ የሆላንድ ሰዎች ባሕርን ገድበው የእርሻ መሬት ከማውጣታቸው ጋር አመሳስሎታል። የፍሮይድ ትምህርት የተመሠረተው በጥቂት የቪየና ሕሙማን ላይ በመሆኑ፥ ስለ ልጅነት የፍትወት ደረጃዎች የጻፈውን የኋላ ተመራማሪዎች በብዙ ነቅፈውታል፤ የልጅነት ዘመን በጎልማሳው ውስጥ ሕያው ሆኖ ይኖራል ያለው ግን ጸንቷል።

የመጀመሪያውን ምሳሌ በማስረጃ ያጸኑት የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ቦልቢና የሥራ ባልደረባው ሜሪ አይንስወርዝ ናቸው። ቦልቢ ሕፃን እናቱን የሚሻው ስለ ወተት ብቻ እንዳይደለ፥ ከአደጋ የሚጠጋበት አንድ የታመነ ሰው በተፈጥሮው እንደሚያስፈልገው አስረዳ። አይንስወርዝም በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ኡጋንዳ መጥታ፥ በካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየተቀመጠች ተመለከተች። እናቱ ለጥሪው ፈጥና የምትደርስለት ሕፃን፥ እናቱን እንደ መነሻና መመለሻ አድርጎ ዓለምን በድፍረት ሲመረምር አየች፤ ስለዚህ ከታላቁ የፍቅር ትስስር ጥናት መነሻዎች አንዱ የአፍሪካ መንደር ነው። ልጇን በአንቀልባ አዝላ ገበያ የምትወርድና ሲያለቅስ ወዲያው ወደ ደረቷ የምታዞር የዋጃ እናት፥ አይንስወርዝ በመጽሐፍ የጻፈችውን በጀርባዋ ተሸክማዋለች።

ስለ አእምሮ እድገት ደግሞ በአንድ ዓመት፥ በ1896 እ.ኤ.አ.፥ የተወለዱ ሁለት ሰዎች አሉ። የስዊሱ ዣን ፒያዤ የገዛ ሦስት ልጆቹን ሳይቀር በማስተዋል፥ የልጅ አስተሳሰብ ከአዋቂው ያነሰ ሳይሆን ሌላ ዓይነት መሆኑን አሳየ። ውኃን ከሰፊ ጣሳ ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ብትገለብጡ፥ የአምስት ዓመት ልጅ «በዛ» ይላችኋል፤ የውኃው መጠን እንዳልተለወጠ ልጆች በአብዛኛው የሚረዱት በሰባት ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ሰፈር ተጎራብተው በሚኖሩት በራያ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ዘንድ ይህች ቁጥር እንግዳ አይደለችም፤ ክርስቲያኑ ልጁን ጾም የሚያስጀምረው፥ ሙስሊሙም ስገድ ብሎ የሚያዘው በሰባት ዓመቱ ነውና። ይሁን እንጂ ሥራ ልጅን ያፈጥነዋል፤ በሜክሲኮ የሸክላ ሠሪዎች ልጆች ጭቃ ቅርጹ ቢለወጥ መጠኑ እንደማይለወጥ ከእኩዮቻቸው ቀድመው እንደሚያውቁ በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አረጋግጧል። ሁለተኛው፥ ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ፥ በበኩሉ ልጅ ብቻውን በሚችለውና በአዋቂ እርዳታ በሚችለው መካከል አንድ ስፍራ አለ፥ ትምህርትም የሚበቅለው በዚያ ስፍራ ነው አለ። አባት የልጁን እጅ ይዞ ወንጭፍ ሲያስወነጭፈው፥ በኋላም እጁን ሲለቅለት፥ በዚያ ስፍራ ላይ ቆሟል።

ሁለተኛውን ምሳሌ ወደ ሙሉ ትምህርት ያደረሰው ኤሪክ ኤሪክሰን (1902–1994 እ.ኤ.አ.) ነው። የወለደውን አባት ሳያውቅ ያደገውና ኋላም በአሜሪካ የቤተሰብ ስሙን በራሱ ያወጣው ይህ ሰው፥ «ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ከሕይወቱ ወደ ሳይንሱ አመጣው። በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት መዓርጋት ከፈለው፤ ሕፃኑ ዓለምን ማመን ወይም መጠራጠር ይማራል፥ ቀጥሎ በራሱ መቆምን፥ ከዚያም አንድ ነገር መጀመርን፤ በትምህርት ዕድሜው ታታሪነትን ወይም የበታችነትን፥ በጉርምስናው ማንነቱን፥ ጎልማሳ ሲሆን ፍቅርን፥ ከዚያ ለተተኪ ትውልድ ማሰብን፥ በመጨረሻም ያለፈ ዕድሜውን ያለ ጸጸት መቀበልን ይማራል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምንለው ምሳሌ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ቀሎ ይገኛል፤ ማሽላ ጠብቆ የዋለን ልጅ ድካሙን ማመስገን ታታሪነቱን ሲያጸና፥ መናቅ ግን የበታችነትን ይዘራበታልና።

ኤሪክሰን የጉርምስናን ዘመን ከሁሉ አስጨናቂው አድርጎ የቆጠረው በከንቱ አይደለም። ከራያ ቆላ ብዙ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ይሰደዳሉ፤ በ2006 ዓ.ም. ያች አገር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፥ የተመለሱት ያጡት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። «ለቤተሰቤ የምደርስ ልጅ ነኝ» ብሎ የወጣ ወጣት ባዶ እጁን ሲመለስ፥ ማንነቱን እንደገና ለመጠየቅ ይገደዳል፤ በዚያን ጊዜ የሚቀበለው ጎረቤት ፊት ሊያጸናውም ሊሰብረውም ይችላል።

ልጆች ከሚነገራቸው ይልቅ ከሚያዩት እንደሚማሩ ደግሞ አልበርት ባንዱራ በ1961 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን ይዞ አሳየ፤ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት ልጆች ያንኑ አደረጉ። ጠባይን መለካት የሚሹ ሊቃውንትም ከቋንቋ ጀምረው፥ እኛ ጭምት፥ ግልፍተኛ፥ ቅን፥ ዐይነ አፋር የምንለውን ዓይነት ቃል ሰብስበው በአምስት ታላላቅ ባሕርያት ጠቀለሉት። እነዚህ ባሕርያት በከፊል በዘር የሚወረሱ ቢሆኑም በድን አይደሉም፤ ከወጣትነት ወደ ጎልማሳነት ሲያልፉ ሰዎች በብዛት ይበልጥ ጥንቁቅ፥ ይበልጥም ረጋ ያሉ ሆነው ይገኛሉ። አመል ከወደኋላ ይበቅላል ያለው ባላገር በዚህ አልተሳሳተም።

ነገር ግን ጡትም ጥቅምትም የጠፉበት ዘመን ነበር። በ1977 ዓ.ም.፥ እህል በሚደርስበት በዚያው በጥቅምት ወር፥ ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ከዚህ ሜዳ በላይ በኮረም የተሰበሰበውን ረኃብተኛ ሕዝብ ነው። በእነዚያ ወራት ጡት የደረቀባቸው ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ተስፋ ቆርጦ «አበቃላቸው» ማለት ሳይንሱም አይፈቅድም። በሃዋይ በካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሉት ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ፥ በድህነትና በቤተሰብ መከራ ከተከበቡት መካከል ሲሶው ያህል ብርቱና ሩኅሩኅ ሆነው እንዳደጉ አገኙ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ የማይከዳቸው ሰው ነበራቸው፥ አያት ወይም አክስት ወይም መምህር። በጉርምስናቸው የተሰናከሉ ብዙዎችም ሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸውን ካለፉ በኋላ ቀንተዋል።

እንግዲህ ሁለቱ ምሳሌዎች አይጣሉም። ጡት መሠረት ነው፤ አመል ግን በመሠረቱ ላይ እስከ ሽምግልና ሲታነጽ ይኖራል። ስለዚህ ወላጅም መምህርም ስለ አንድ ልጅ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ እጁን ከማጣጠፉ በፊት፥ ለዚህ ልጅ የማይከዳው አንድ ሰው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ፥ ያ ሰው እርሱ ራሱ ይሁን። ማታ ግሪሳው ወደ ማደሪያው ሲመለስ ብላቴናው ከማማው ይወርዳል፤ በደጃፉ ቆሞ «ዛሬ ስንቱን አባረርክ ልጄ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካለ፥ ለነገው ቀን ወንጭፉን ይዞ በደስታ ይወጣል።