የእንቁላል መጣያ ጎጆ

የእንቁላል መጣያ ጎጆ ወይም መጣያ ሳጥን ዶሮዎች እንቁላላቸውን እንዲጥሉበት በዶሮ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ትንሽ፣ ጉዝጓዝ ያለው፣ ደብዘዝ ያለ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ከጣውላ ይሠራል፤ ቅርጫት፣ አሮጌ ካርቶን ወይም ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካንም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ቄቦች ጎጆውን እንዲጠቀሙ ማድረግ «ማለማመድ» ይባላል። ይሁን እንጂ ዶሮ ለእንቁላሏ የተሸሸገ ቦታ መፈለግን ከማንም አትማርም፤ ይህ አብሯት የተወለደ ነው። የአርቢው ድርሻ ፍለጋዋ ሳጥኑ ላይ እንዲያበቃ ቦታውን ማመቻቸት ሲሆን፣ ሥራው የሚቀለው የመጀመሪያው እንቁላል ከመጣሉ በፊት ነው።

ከመጣሏ በፊት የሚታይ ባህርይ

የቤት ዶሮ ዋነኛ ቅድመ አያት የሆነችው የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ የምትጥለው መሬት ላይ፣ በቁጥቋጦ ሥር በጫረችው ጎድጓዳ ቦታ ነው። የቤት ዶሮም ይህን ባህርይ አልተወችም። እንቁላሉ ሊወጣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቀረው ትቅበጠበጣለች፤ ከመንጋው ተለይታ ጥጋጥጉን ትቃኛለች፤ አንዱ ቦታ ገብታ ትወጣና ተመልሳ ትገባለች። ቦታው ከተስማማት ተቀምጣ ጉዝጓዙን በደረቷ እየገፋች፣ በእግሯም እየጫረች ክብ አድርጋ ታበጀዋለች። ጥላ ስትነሳ ደግሞ ታስካካለች።

ይህ ፍላጎት ከሰውነቷ ውስጥ የሚነሳ መሆኑን ዉድ-ገሽና ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። አስኳል ከእንቁልጢ ሲለቀቅ የያዘው ከረጢት ባዶውን እዚያው ይቀራል። ይህ ባዶ ከረጢት በቀዶ ሕክምና ሲወገድ በማግስቱ የሚጠበቀው የጎጆ ፍለጋ ይጠፋል ወይም ይዛባል። በሌላ አነጋገር ዶሮዋ ዛሬ ጠዋት ጎጆ እንድትፈልግ የሚያደርጋት ትናንት የተለቀቀው አስኳል ነው። ጎጆ በሌለው ባዶ የሽቦ ሳጥን ውስጥ የታሰረች ዶሮ ጎጆ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ እያለች ስትጨነቅ የምትታየውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ ባዶ የሽቦ ሳጥኖችን ከጥር 2012 ጀምሮ ከልክሏል፤ ከሳጥን ውጭ ለሚረቡ ዶሮዎችም ቢያንስ ለሰባት ዶሮ አንድ ጎጆ እንዲኖር አዟል።

አሠራሩ

በጓሮ ለሚረቡ ዶሮዎች ወርዱም፣ ጥልቀቱም፣ ከፍታውም 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ሳጥን ይበቃል፤ ገዘፍ ላሉ ዝርያዎች 35 ቢሆን ይሻላል። ሳጥኑ በጣም ሰፊ ከሆነ ሁለት ዶሮዎች አብረው ገብተው እንቁላል ይሰብራሉ። ፊቱ ላይ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠርዝ ቢደረግለት ጉዝጓዙም እንቁላሉም አይወድቅም። ጉዝጓዙ የጤፍ ጭድ፣ ድርቆሽ ወይም ሰጋቱራ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ደረቅና ወፍራም መሆኑ ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሳጥን ይመደባል። ያም ሆኖ አንዷ የመረጠችውን ሌሎቹ መውደዳቸው የተለመደ ነው፤ አምስት ሳጥን ተደርድሮ ሁሉም በአንዱ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ የሚያይ አርቢ ሊገረም አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቆጡና የሳጥኑ ከፍታ ነው። ዶሮዎች የሚያድሩት ቤቱ ውስጥ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ነው። ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ ሳጥኑ ውስጥ ያድራሉ፣ በኩሳቸውም ይሞሉታል፤ ጠዋት የሚጣለው እንቁላል እዚያው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሳጥኑ ምንጊዜም ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት።

ቄቦችን ማለማመድ

እንደ ቦቫንስ ብራውን እና ሎማን ብራውን ያሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በ18ኛውና በ20ኛው ሳምንት መካከል መጣል ይጀምራሉ፤ የሐበሻ ዶሮ ግን ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር አልፏት ነው የምትጀምረው። ሳጥኑ ከዚህ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ቤቱ ውስጥ ሊገባና ሊለመድ ይገባል። ጊዜው ሲቃረብ በቄቧ ራስ ላይ ያለው ሥጋ ያድጋል፣ ይቀላልም፤ ሰው እጁን ሲዘረጋላት ሸሽታ በመሄድ ፈንታ ክንፏን ከፈት አድርጋ ትሸመቅቃለች። ይህ ከታየ እንቁላሉ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል።

በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ከጀሶ ወይም ከእንጨት የተሠራ አስመሳይ እንቁላል ይቀመጣል። ቄቧ እንቁላል ያለበትን ቦታ ሌላ ዶሮ መርጣ የጣለችበት አስተማማኝ ስፍራ አድርጋ ታየዋለች። እውነተኛ እንቁላል መተውም ያው ውጤት አለው፤ ነገር ግን ከተሰበረና ዶሮዎቹ አንዴ ከቀመሱት እንቁላል የመብላት ልማድ ይጀምራቸዋል፣ እሱን ማስተው ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ጠዋት ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዶሮዎቹን መኖና ውኃ ሰጥቶ እስከ ረፋዱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ድረስ ቤት ውስጥ ማቆየት ትልቁን ሥራ ይሠራል።

ይህ በተለይ ተለቅቀው ለሚውሉ የሐበሻ ዶሮዎች ዋጋ አለው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው፤ ይህም በየጊዜው እየተቋረጠ የሚጣል ነው። በጎረቤት አጥር ሥር ወይም በቁጥቋጦ ውስጥ የቀረ የአንድ ዙር እንቁላል ከዓመቱ ገቢ ብዙ ይቀንሳል። የእንቁላል ገንዘብ በአብዛኛው በሴቷ እጅ የሚገባና ለጨው፣ ለቡና፣ ለደብተር የሚውል በመሆኑ፣ ጉዳቱ የሚሰማት በመጀመሪያ እሷን ነው።

መሬት ላይ የሚጣል እንቁላል

መሬት ላይ የተጣለ እንቁላል ይረገጣል፣ ኩስም ይነካዋል። ትኩስ እንቁላል ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚኮማተር አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ በቅርፊቱ ላይ ባሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎችም ተሕዋስያን አብረው ሊገቡ ይችላሉ። በኋላ ማጠብ የገባውን አያወጣም፤ እንዲያውም ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይጎዳል። ለማስታቀፍ የሚፈለግ እንቁላል ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

መሬት ላይ መጣል የጀመረችን ዶሮ መምታትም ማባረርም አይረዳም፤ የደነገጠች ዶሮ ይበልጥ የተሸሸገ ቦታ ትፈልጋለች። የሚሻለው የምትወደውን ጥግ መጥረግ፣ ብርሃን እንዲገባበት ማድረግ ወይም በድንጋይና በጣውላ መዝጋት፣ መሬት የተገኘውን እንቁላል ቶሎ ማንሳት፣ ልትጣል ስትል ከተገኘችም በቀስታ አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የቆየ ልማድ ያላት ዶሮ ሳጥን ባለበት ጠባብ ቦታ ለተወሰኑ ቀናት ብትዘጋ ትለውጥ ይሆናል፤ ሁሌ ግን አይሳካም።

ሳጥኑን ሲያውቁት ቆይተው በድንገት ከተዉት ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ሳጥኑን የያዘች ታቃፊ ዶሮ ናት። ጫጩት ካልተፈለገ በየገጠሩ ውኃ ውስጥ መንከርና ቁልቁል መስቀል ይዘወተራል፤ ዶሮዋን ሳያሠቃዩ ጉዝጓዝ በሌለውና ከሥሩ አየር በሚያስገባ የሽቦ ቤት ጥቂት ቀን ማቆየት ግን መታቀፉን ያስተዋታል። ሁለተኛው ቀይ ቅንቅን ነው። ቀን በጣውላው ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ደም ስለሚመጥ በቀን አይታይም፤ በሌሊት ባትሪ አብርቶ ስንጥቆቹንና የቆጡን ሥር ማየት ያስፈልጋል። ከተገኘ ጉዝጓዙ ተቃጥሎ፣ ሳጥኑ በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ይመለሳል።