ብርሃን ወደ መርከብ ሞተር የወረደበት መንገድ

በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው የጭነት መርከብ ኤማ ማርስክ የምትጓዝበት ሞተር 2,300 ቶን ያህል ይመዝናል፤ የሚሽከረከረው ዋና ዘንጉ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ብቻውን 300 ቶን ነው። እንዲህ ባለ ሞተር ዘይት ተቋርጦ ኩሽኔታው ቢነክስ፣ ሻፍቱ ይግላል፣ ይፋቃል፣ ይሰነጠቃል። አውጥቶ ቶርኖ ቤት ማድረስ ደግሞ የመርከቧን ሆድ መቅደድ ነው። ስለዚህ መካኒኮች መሞረጃውን ይዘው ወደ ሞተሩ ይወርዱ ነበር፤ የተጎዳውን ሞርደው በቀጠነው ልክ ወፈር ያለ ኩሽኔታ ያስገባሉ። ብረት መቀነሱን ችለውበታል። ያለቀውን መተካት ግን አቃታቸው፤ የተለመደው ብየዳ በሙቀቱ ሻፍቱን ያጣምመዋል።

መፍትሔው ከባሕር ርቆ ተወለደ። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ኩማር ፓቴል በ1964 የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ሠራ፤ እሱም አድጎ ብረት የሚያቀልጥ ጉልበት አገኘ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር ምላጮችን በሌዘርና በብረት ዱቄት ይለብጥ ጀመር።

ታዲያ መርከብ ላይ ለመድረስ ምን አዘገየው? መልሱ መንገዱ ላይ ነው። የጋዙን ሌዘር ጨረር መስታወት ይውጠዋል፤ በመስታወት ክር ስለማያልፍ በመስተዋት እያንጸባረቁ መምራት ግድ ነበር። በጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ይህ አይታሰብም።

ቁልፉ ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ኤልያስ ስኒትዘር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመስታወት ክር በብልጭታ አምፖል ላይ ጠምጥሞ፣ ክሩ ራሱ ሌዘር እንዲሆን አደረገ። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ያኔ ግን ጉልበቱ ኢምንት ነበር። ቫለንቲን ጋፖንትሴቭና ባልደረቦቹ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኪሎዋት አደረሱት።

ከዚያ በኋላ የሌዘሩ ሣጥን ውጭ ቆሞ የመስታወት ክሩ ኬብል ብቻ ወደ ሞተሩ ወረደ። ከኬብሉ ጫፍ ካለው አፈሙዝ የብረት ዱቄት በጋዝ ተገፍቶ ይረጫል፤ ጨረሩ ያቀለጣት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ነጥብ ትቀበለዋለች። አፈሙዙ ሻፍቱን እየዞረ መስመር በመስመር ላይ ይደርባል። አዲሱ ብረት ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል፤ ሙቀቱ ግን ጠልቆ አይገባም። በመጨረሻ ተሞርዶ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል።

ሥራው ግን በዚህ አይጸድቅም። በልባጡ ውስጥ የቀረች ስንጥቅ በጭነት ብዛት ልትሰፋ ስለምትችል፣ የመርከብ ደኅንነት መርማሪዎች ፈትሸው ካልፈረሙ ሞተሩ አይነሳም። ጥንቃቄያቸው ትክክል ነው፤ ክራንክ ሻፍት መሀል ባሕር ላይ ከተሰበረ መጠገኛ የለውም።