ስለ ብርጭቆ ከፈፍ

እንግዳ ተቀባይ የሆነ ሰው ሊያስብባቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የብርጭቆ ከፈፍ ነው ብንል፣ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ይስቁብን ይሆናል። ነገር ግን መጠጡ ምላስ ላይ ከመድረሱ በፊት ከንፈር የሚያርፈው በዚሁ ከፈፍ ላይ ነውና፣ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ጋባዡን የሚያስከብርም የሚያሳፍርም ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ኮክቴል የሚባለውን ቅልቅል መጠጥ በሚያቀርቡ ሰዎች ዘንድ የተለመደውን፣ የብርጭቆን አፍ ስኳር ወይም ጨው የማልበስን ሥራ ከነምክንያቱ ለመግለጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልማዱ የቆየ ነው። በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊንስ ከተማ ጆሴፍ ሳንቲኒ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ክሩስታ የተባለውን መጠጥ እንዳወጣ ይነገራል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቅርፊት ማለት ነው። ጄሪ ቶማስ የተባለው ዝነኛ መጠጥ ቀማሚም በ1862 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን ገልጾታል። ይኸውም የወይን ጠጅ ብርጭቆ አፍ በተቆረጠ ሎሚ ታሽቶ በደቀቀ ነጭ ስኳር ውስጥ ይነከራል፤ የግማሽ ሎሚ ልጣጭም ሳይበጠስ ተልጦ በብርጭቆው ውስጥ ይደረጋል፤ ከዚያም መጠጡ ይቀዳበታል።

ጨው ግን በዚህ ሥራ ስሙ የተጠራው በማርጋሪታ ነው። ማርጋሪታ ማለት ተኪላ የሚባለው የሜክሲኮ መጠጥ ከሎሚ ጭማቂና ከብርቱካን ሊኮር ጋር ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ተኪላውም የሚገኘው የቃጫ ተክል ዘመድ ከሆነው ከአጋቬ ነው። ማርጋሪታን መጀመሪያ እኔ ሠራሁት የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ኤስኳየር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ግን አሠራሩን ጨው ከለበሰው ብርጭቆ ጋር በ1953 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር አትሞ አውጥቶታል።

ጨው ከመጠጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ በምላሳችን ላይ ነው። ጨው መራራነትን ይሰብራል። በፊላደልፊያ ከተማ ስለ ጣዕምና ስለ ሽታ በሚመረምረው የሞኔል ማእከል ይሠሩ የነበሩት ፖል ብሬስሊንና ጋሪ ቦሻም በ1997 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንደ ገለጡት፣ ጨው መራራውን ጣዕም ሲያዳክመው፣ በመራራው ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭ ጎልቶ ይወጣል። በአገራችንም በአንዳንድ ስፍራ ቡናን በጨው የሚጠጡ ሰዎች፣ መጽሔቱን ሳያነቡ ይህን ነገር በምላሳቸው ያውቁታል። ስለዚህ ይህ ሽፋን ለዓይን ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመጠጡ አንድ ክፍል ነው።

ነገር ግን ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር የደረሰውን አንድ ታሪክ እናስታውሳለን። አንድ ወዳጃችን በቤቱ ግብዣ አድርጎ እኛም ተጠርተን ነበር። ከተጠሩትም መካከል የአባቱ ወዳጅ የሆኑ፣ አልኮል የማይቀምሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋባዡም ሊያከብራቸው ብሎ የሎሚ መጠጥ በገዛ እጁ አዘጋጅቶ፣ የብርጭቆውን አፍ ዙሪያውን ወፍራም ጨው አልብሶ አቀረበላቸው። ሽማግሌውም አመስግነው ተቀበሉ፤ ብርጭቆውን ጥቂት አዟዙረው ተመለከቱ፤ ከዚያም ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ግብዣው እስኪፈጸም አልነኩትም። የጋባዡ ፊት ጠቆረ፤ እንግዶቹም ይህን አዩ።

ኋላ እርሱ ራሱ እንደ ነገረን፣ በማግሥቱ ከቤታቸው ሄዶ፣ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው ቤቴን የናቁብኝ?» ቢላቸው፣ «አልናቅሁም ልጄ፤ ለደም ግፊቴ ሐኪም ጨው ከልክሎኛል። ከንፈሬን የማሳርፍበት ባዶ ስፍራ ብፈልግ አጣሁ፤ በሰው ፊት ጠርጌ እንዳልጠጣ ደግሞ ሥራህን ማዋረድ መሰለኝ» ብለው መለሱለት። በግማሽ ከፈፍ ምክንያት የአባትና የልጅ ያህል የሚዋደዱ ሰዎች ሊቀያየሙ ነበር።

ስለዚህ በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች የከፈፉን ግማሽ ብቻ አልብሰው ግማሹን ባዶ ይተዉታል። የወደደ በጨው በኩል፣ ያልወደደ ወይም የተከለከለ በባዶው በኩል ይጠጣል፤ ምክንያቱንም ለማንም መናገር አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሙሉ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራልና፣ ይህ ጥንቃቄ ለጤነኛውም ቢሆን አይጎዳም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብርጭቆው ታጥቦ ይደርቃል። ጨው የሆነ እንደ ሆነ ጎርበጥ ያለው ይመረጣል፤ የላመው ቶሎ ይሟሟና አፍን ያንገፈግፋል። ስኳር ግን ደቀቅ ያለው ይሻላል። ይህም በትንሽ ሰሐን ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ፣ የከፈፉ የውጭ ጎን ብቻ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በተቆረጠ ሎሚ ይታሻል። የታሸው ወገን በሰሐኑ ላይ በቀስታ ይንከባለላል፤ የተረፈውም በጣት መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል። ጥቂት ደቂቃ ከደረቀ በኋላ መጠጡ ይቀዳል። ወደ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል፤ በመጠጡ ውስጥ የወደቀ ጨው ቀማሚው የመጠነውን ጣዕም ያበላሻልና።

ሜክሲኮዎች ጨውን ከተፈጨ በርበሬ ጋር አዋሕደው ሚቼላዳ በሚባለው የቢራና የሎሚ መጠጥ ብርጭቆ አፍ ላይ ያደርጋሉ። ይህን ስናይ የኛው ሚጥሚጣ ትዝ ይለናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ከሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ቢቀላቀል ለብርቱካንና ለሎሚ መጠጥ ይስማማል። ሆኖም ሚጥሚጣ አብዛኛውን ጊዜ ጨው የተቀላቀለበት ስለ ሆነ፣ ጨው ለተከለከለ ሰው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ደርቆ የተፈጨ የብርቱካን ልጣጭም ከስኳር ጋር መልካም ሽታ ይሰጣል።

የጠጅ ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ጠጅም በራሱ ሙሉ ነውና ጌጥ አይሻም። ብርዝ ግን አፉ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ቀርቦ ከፈፉ ጥቂት ሚጥሚጣ ቢነካው፣ አልኮል የማይጠጣው እንግዳ ከሌላው ያነሰ ነገር እንደ ቀረበለት አይሰማውም።

እንግዲህ ብርጭቆ የምታሰናዱ ወይዛዝርትና መኳንንት ሆይ፣ ያማረ ሽፋን መሥራት ከሎሚና ከሰሐን የበለጠ ዕቃ አይጠይቅም። ባዶውን ግማሽ መተው ግን ስለ እንግዳው ማሰብን ይጠይቃል። የተሸፈነው ወገን የጋባዡን ሙያ ቢያሳይ፣ ያልተሸፈነው ወገን አክብሮቱን ያሳያል።